ሞተሩን ሳይሆን ጫፉን ግዙ፦ ያገለገለ ባለ ዘንግ የሞተር መጋዝ አመራረጥ

ያገለገለ የሞተር ዕቃ ሊገዛ የሄደ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ነገር አንድ ነው። የማስነሻ ገመዱን ይስባል። ሞተሩ ከተነሳ ፊቱ ይበራል። ሻጩም ያንን ፊት አይቶ ዋጋው ላይ ድርቅ ይላል። እኔም ደሴ ላይ የመጀመሪያዬን ባለ ዘንግ መጋዝ የገዛሁት እንደዚያ ነው። በሁለተኛው ስበት ተነሳ፣ ከፈልኩ፣ ተሸክሜ ሄድኩ። በሦስተኛው ቀን ሞተሩ እየጮኸ ሰንሰለቱ ቆመ። ጫፉን ስንፈታው ውስጡ ያለው ጥርስ እንደ ተጋጠ በቆሎ ሆኗል። መካኒኩ አየት አደረገኝና "አብሽር፣ ሞተሩ እኮ አሪፍ ነው" አለኝ። ሞተሩስ አሪፍ ነበር።

ዕቃውን ላላየ ሰው ባጭሩ ላስረዳ። ከኋላ ትንሽ ቱ ስትሮክ ሞተር አለ። መሃል ላይ ረጅም ቱቦ አለ፤ በቱቦው ውስጥ ቀጭን የብረት ዘንግ ይሽከረከራል። ጫፉ ላይ ማርሽ፣ የዘይት ፓምፕ፣ ሰንሰለትና ሰንሰለቱ የሚዞርበት ጠፍጣፋ ብረት አለ። ይህን ጠፍጣፋ ብረት ከዚህ በኋላ ምላስ እለዋለሁ። መሬት ላይ ቆሞ ከፍ ያለ ቅርንጫፍ ለመቁረጥ የተሠራ ነው እንጂ ዛፍ ለመጣል አይደለም።

ሞተሩ ቢበላሽ መላ አለው። ካንዴላ፣ ካርቡራተር፣ ኮይልና የማስነሻ ገመድ ከሳር ማጨጃ ሞተር ጋር ስለሚመሳሰሉ፣ በተለይ የቻይናዎቹ፣ ጠይቃችሁ አታጡም። ጫፉ ግን እንደየፋብሪካው ይለያያል። የአንዱ ጥርስ ለሌላው አይሆንም። እኔ ቶርኖ ቤት ወስጄ አስቀርጬ ነበር። ሁለት ሳምንት ሠርቶ ተመልሶ ተላጠ፤ የፋብሪካው ጥርስ በሙቀት የጠነከረ ብረት ነው፣ ያ ግን አልነበረም። ስለዚህ ሁለት መጋዝ ፊታችሁ ቢቀርብ፣ አንዱ ሞተሩ ጤነኛ ሆኖ ጫፉ የላላ፣ ሌላው ሞተሩ እያስነጠሰ ጫፉ ጥብቅ ያለ፣ ሁለተኛውን ውሰዱ።

መጀመሪያ ዛፉ ምንድን ነው?

ደሴ ዙሪያና ወደ ቦሩ ሜዳ የምታዩት ብዙው ባህር ዛፍ ነው። ቅርንጫፉ ቀጭን ነው፣ ችግሩ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ መንጠልጠሉ ነው። ወደ ሐይቅ ስትሄዱ አቮካዶው አለ። መርሳና ግራና ከተሞች ደግሞ ማንጎና ብርቱካን አለ። ግቢ ውስጥ ያረጀ ጥድ ወይም ወይራ ያለውም ብዙ ነው።

ቅርንጫፉ ከእጅ አንጓችሁ የማይወፍር ከሆነ ሞተር አያስፈልጋችሁም። ጎበጥ ያለ የእጅ መጋዝ ረጅም እንጨት ጫፍ ላይ አጥብቆ ማሰር ይበቃል። ነዳጅ የለም፣ ካንዴላ የለም፣ ጎረቤት አይረበሽም። እውነቱን ለመናገር መጋዝ ልግዛ ብለው ከሚጠይቁኝ ሰዎች ግማሾቹን ወደዚህ ነው የምመልሳቸው። ግቢያቸው ውስጥ ሁለት ባህር ዛፍ ብቻ ላላቸው ደግሞ ባለሙያ በቀን ሒሳብ መቅጠር ይሻላል።

ሞተር ትርጉም የሚኖረው ቅርንጫፉ ከ5 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ሲወፍር፣ ሥራውም በየዓመቱ ሲደጋገም ነው። የብዙዎቹ ምላስ ርዝመት 25 ወይም 30 ሳንቲ ሜትር ነው። ጥድ፣ ዋንዛና ዝግባ ከሆነ ደግሞ መጋዙን ከማንሳታችሁ በፊት ቀበሌ ጠይቁ።

ሦስቱ መንገዶች

የመጀመሪያው የታወቀ ፋብሪካ ያገለገለ መጋዝ ነው፤ ስቲል፣ ሁስክቫርና ወይም ኤኮ። ክብደቱ ከ7 እስከ 8 ኪሎ ይሆናል። ሚዛኑ የተጠና ነው፣ ጫፉ ከተጠበቀ ብዙ ዓመት ያገለግላል። ጉዳቱ መለዋወጫው ነው። ሲገኝ ውድ ነው፣ ሳይገኝ ደግሞ ሰው ከአዲስ አበባ እስኪመጣላችሁ ትጠብቃላችሁ። አንዳንዱ ቱቦ እንደ አንቴና ይረዝማል፣ አንዳንዱ ቀጥ ያለ ነው። የሚረዝመው ለማንጎና ለአቮካዶ ምቹ ነው፤ ታችኛውን በአጭሩ፣ ላይኛውን አስረዝማችሁ ትቆርጣላችሁ። ነገር ግን ይከብዳል፣ መቆለፊያውም ያልቃል። ያገለገለ ከሆነ እኔ ቀጥ ያለውን እመርጣለሁ። የሚበላሽበት ነገር ያነሰ ነው።

ሁለተኛው የቻይናው ባለ ብዙ ጫፍ ነው። አንድ ሞተር፣ ከሱ ጋር የሳር ማጨጃ፣ የአጥር መከርከሚያና የመጋዝ ጫፍ። ዋጋው ዝቅ ይላል፣ መለዋወጫው እርስ በርሱ ይሄዳል። ክብደቱ ግን ትከሻ ይበላል። ላዩ ላይ የተለጠፈውን የሞተር መጠን (ሲሲ) ቁጥርም አትመኑ። ሲሊንደሩ ሲከፈት ስፋቱ 40 ሚሊ ሜትር ከሆነ 43 ሲሲ ነው፤ 44 ከሆነ 52 ሲሲ ነው። "62" የሚል ተለጥፎበት 43 የወጣ በዓይኔ አይቻለሁ።

ሦስተኛው ራስ ገጠም ነው። ቤት ውስጥ ባለ ዘንግ የሳር ማጨጃ ካላችሁ የመጋዝ ጫፍ ብቻ ገዝታችሁ ትገጥማላችሁ። በጣም ርካሹ መንገድ ይህ ነው፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚሁ ላይ ነው። የቻይናዎቹ ቱቦ አብዛኛውን ጊዜ 26 ወይም 28 ሚሊ ሜትር ውፍረት አለው። በውስጡ ያለው ዘንግ ጫፍም ጥርስ አለው፤ አንዳንዱ 7፣ አንዳንዱ 9። ካሊብሮ ይዛችሁ ለኩ፣ ጥርሱንም ቁጠሩ። "ይገባል፣ ይገባል" የሚል ሻጭ 28ቱን ጫፍ 26ቱ ቱቦ ላይ በቆርቆሮ ጠቅልሎ ሲያስገባ አይቻለሁ። ለአንድ ሰዓት ይሠራል። ከዚያ ጫፉ መዞር ይጀምራል፣ እናንተም ከሥሩ ናችሁ።

ደሴ ያስተካከላችሁት ባቲ ላይ ይገድላችኋል

እናንተን ሳይሆን ሞተሩን ማለቴ ነው። ስለ ከፍታ የሚናገር ሻጭ እስካሁን አላጋጠመኝም። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ቁልቁል 25 ኪሎ ሜትር ያህል ስትወርዱ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ ላይ ናት። ባቲ 1,500 ገደማ። ደሴ ላይ ያለው አየር ከባሕር ጠለሉ አየር ሩብ ያህል የሳሳ ነው። አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑ ለሞተሩ ይበዛበታል። ይጨሳል፣ ካንዴላው በጥላሸት ይጠቁራል፣ እንጨት ሲነካ ይታፈናል።

መካኒኩ ታዲያ ካርቡራተሩ ላይ ያለችውን የከፍተኛ ፍጥነት ብሎን በካቻቢቴ ወደ ቀኝ ትንሽ ያዞራታል። ቤንዚኑ ይቀንሳል፣ ሞተሩ ነቃ ይላል። እስከዚህ ጥሩ ነው። ያንኑ መጋዝ ይዛችሁ ወደ ቆላ ስትወርዱ ግን አየሩ ይወፍራል፣ ቤንዚኑ እዚያው ይቀራል። በቱ ስትሮክ ሞተር ደግሞ ዘይቱ የሚገባው ከቤንዚኑ ጋር ተደባልቆ ነው። ቤንዚን ሲያንስ ዘይትም አብሮ ያንሳል። ሙቀቱ ይጨምራል፣ ፒስተኑ ሲሊንደሩን ይፍቃል፣ የፒስተኑ ቀለበት (ፋሻው) ይጣበቃል። የሚያታልለው ነገር፣ ሞተሩ ከመሞቱ በፊት ቀጭንና ስል የሆነ ድምፅ ያወጣል። የአጎቴ ልጅ ኮምቦልቻ ላይ ያንን ድምፅ ሰምቶ "ዛሬ ገና ተስተካከለልኝ!" ብሎ ደውሎልኝ ነበር። ከሰዓት በኋላ መልሶ ሲደውል ድምፁ ሌላ ነበር።

ድምፁን እንዲህ አድምጡ። ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ምንም ሳትቆርጡ ሙሉ ጋዝ ስትሰጡት ትንሽ መንተባተብ አለበት። ምላሱ እንጨት ሲነካ ያ መንተባተብ ይጠፋና ድምፁ ይጠራል። እንዲያ ከሆነ ልክ ነው። ባዶውን ጥርት ብሎ የሚጮህ ከሆነ ብሎኗን ወደ ግራ መልሱ። ቆላ በወረዳችሁ ቁጥር ወደ ግራ፣ ደጋ በወጣችሁ ቁጥር ወደ ቀኝ፣ ያውም በጥቂቱ። ሚኒሞ ላይ፣ ማለትም ጋዝ ሳትሰጡት፣ ሰንሰለቱ መዞር የለበትም። የሚዞር ከሆነ ወይ ሚኒሞው ከፍ ብሏል ወይ የፍሪሲዮኑ ሞላ ላልቷል።

ለምርጫችሁም ይህ ትርጉም አለው። 25 ሲሲ ሞተር ደሴ ላይ ጉልበቱን ሩብ ያህል ያጣል። ደጋ ለሚሠራ ሰው ከ30 ሲሲ በላይ ብሉ እላለሁ። ለመርሳና ለባቲ 25ቱ ይበቃል፣ ትከሻም ያርፋል።

ሻጩ ጋ ስትደርሱ

ከሰላምታ ቀጥሎ እጃችሁን ማርሚታው (የጭስ ማውጫው) አጠገብ አድርጉ። ሞቅ ካለ ሻጩ እናንተ ከመምጣታችሁ በፊት አስነስቶታል። የሞቀ ሞተር ሁሉም ይነሳል። "ቡና እንጠጣና እንመለስ" በሉ፤ ቶናው ሲደርስ ይቀዘቅዛል።

ከዚያ ወደ ጫፉ። የሰንሰለቱን መሸፈኛ ፍቱ፣ ሰንሰለቱን የሚያዞረውን ጥርስ በሁለት ጣት ይዛችሁ ወደ ላይና ወደ ታች ነቅንቁ። የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ኩሽኔታው አልቋል። ሰንሰለቱን አውጥታችሁ ጥርሱን በእጅ አዙሩ፤ አሸዋ ያለበት ወፍጮ የሚመስል ስሜት ከሰጣችሁ ተዉት። ብዙዎቹ ጫፎች ላይ የግራሶ ማስገቢያ ብሎን አለች። ፍቱና ትንሽ ግራሶ በጣት አውጡ። ፀሐይ ላይ አሻሹት። የሚያብለጨልጭ ብናኝ ካያችሁ ያ የጥርሱ ዱቄት ነው። ሻጩን አመስግናችሁ ውጡ።

ቱቦውን እንደ ጠመንጃ በአንድ ዓይን አነጣጥራችሁ እዩት። የጎበጠ ቱቦ ውስጥ የሚዞር ዘንግ እየተፋተገ ያልቃል።

ሞተሩ ላይ ሁለት ነገር ይበቃል። ሳይነሳ፣ የማስነሻ እጀታውን ይዛችሁ ሞተሩን በቀስታ ከመሬት አንሱት። ገመዱ ወዲያው ከተዘረገፈ አየር አይይዝም። እየያዘ፣ እየለቀቀ፣ ቀስ ብሎ ከወረደ ጤነኛ ነው። ሻጩ ከፈቀደ ደግሞ ማርሚታውን ፍቱና በቀዳዳው ፒስተኑን በባትሪ እዩ። ከላይ ወደ ታች የወረደ ጭረት ካለ ያ ሞተር አንድ ጊዜ ተቃጥሏል። ጎማ ቱቦዎቹ ቢሰነጣጠቁ፣ የካርቡራተሩ ስስ ላስቲክ ቢደርቅ ግን አትደንግጡ። እሱ ዋጋ መቀነሻ ነው።

በመጨረሻ ዘይቱ። ሰንሰለቱን መልሳችሁ፣ ሞተሩን አስነሱና የምላሱን ጫፍ ካርቶን ላይ ጠጋ አድርጋችሁ ጋዝ ስጡ። ካርቶኑ ላይ ቀጭን የዘይት መስመር መረጨት አለበት። ካልተረጨ መጀመሪያ የዘይት መውጫ ቀዳዳዋን በቀጭን ሽቦ ጥረጉ። የባህር ዛፍ ብናኝ ከዘይት ጋር ሲጋገር እንደ ሙጫ ይደፍናታል።

ስትገጥሙት

ሰንሰለቱን ስታስገቡ ከላይ ያሉት ስለቶች ፊታቸው ወደ ምላሱ ጫፍ ይሁን። ቀልድ አይደለም፣ ተገልብጦ ገብቶ "አይቆርጥም" ተብሎ የተሸጠ መጋዝ ገዝቼ አውቃለሁ። በርካሽ ያገኘሁት ብቸኛው ጤነኛ መጋዝ እሱ ነው። ዳዶውን ሳታጠብቁ የምላሱን ጫፍ ወደ ላይ ደግፉ፣ ሰንሰለቱን ወጥሩ፣ ከዚያ አጥብቁ። በእጅ ሲሳብ መዞር አለበት፣ ከሥር ደግሞ መንጠልጠል የለበትም። ሲሞቅ ይረዝማልና እንደገና ይወጠራል። ሥራ ስትጨርሱ ግን አላሉት፤ ሲቀዘቅዝ ይሸማቀቅና ኩሽኔታውን ይጎትታል።

ነዳጅ፣ ዘይትና ሞረድ

አዲሶቹ የፋብሪካ ሞተሮች በጥሩ የቱ ስትሮክ ዘይት 50 ለ1 ይፈልጋሉ። 2 ሊትር ቤንዚን ላይ 40 ሚሊ ሊትር ዘይት ነው፤ በ20 ሚሊ ሲሪንጅ ሁለት ጊዜ። ብዙ የቻይና ሞተሮች 25 ለ1 ይላሉ፤ ያ አራት ሲሪንጅ ነው። የመኪና ሞተር ዘይት አይተካውም። ሃይላንድ ጠርሙስ ለመለካት ይሁን፣ ለማስቀመጥ አይሁን። የተደባለቀ ቤንዚን ከአንድ ወር በላይ አታቆዩ። ክረምቱን ሙሉ የማትጠቀሙበት ከሆነ ታንኩን አፍስሱና ሞተሩ ራሱ እስኪጠፋ አሠሩት። ካርቡራተር የሚታመመው ከሥራ ብዛት ሳይሆን ውስጡ ከደረቀ ቤንዚን ነው።

ለሰንሰለቱ ሦስት ዓይነት ዘይት ሲያፈሱ አያለሁ። አንዱ የተቃጠለ የመኪና ዘይት ነው። ነፃ ነው፣ ግን የብረት ብናኝ አለበት፣ ፓምፑን ይበላል፣ ፍራፍሬ ዛፍ ላይም ይረጫል። ሁለተኛው የምግብ ዘይት ነው። ለአቮካዶና ለማንጎ ንጹሕ ነው፣ ያለሰልሳል። ችግሩ ሲቆይ ይጋገራል፤ የኑግ ዘይት ደግሞ በጣም። ከሥራ በኋላ ካላጸዳችሁት ሰንሰለቱ በሳምንቱ እንደ ዱላ ይደርቃል። ሦስተኛው ለሰንሰለት ተብሎ የተሠራው ነው። ካገኛችሁ እሱን። ካጣችሁ የምግብ ዘይት፣ ከጨርቅ ጋር።

ስለቱን ለማወቅ የሚወርደውን ብናኝ እዩ። እንደ በርበሬ ዱቄት ከሆነ ደንዟል። ሰፋ ያለ ፍቅፋቂ ከሆነ ስለት አለው። ለብዙዎቹ አነስተኛ ሰንሰለቶች 4 ሚሊ ሜትር ክብ ሞረድ ይሆናል፣ አንዳንዱ የስቲል ቀጭን ሰንሰለት ግን 3.2 ነው። ሞረዱን ወደ ፊት ብቻ ግፉ፣ በእያንዳንዱ ጥርስ እኩል ቁጥር።

ማሻሻል የሚባለው ነገር

ቱቦውን በውኃ ቧንቧ ማስረዘም፦ አይሆንም። ውስጡ ያለው ዘንግ ደጋፊ ኩሽኔታ ካጣ እንደ ጅራፍ ይገረፋል። ምላሱን በ40 ሳንቲ ሜትር መተካት፦ አይሆንም፤ ጫፉ ይከብዳል፣ ፓምፑ አይደርስለትም። ማርሚታው ውስጥ ያለችውን ወንፊት አውጥቶ መጣል፦ ጉልበት የጨመረ ይመስላል፣ ግን የእሳት ብልጭታ የምትይዘው እሷ ናት። በበጋ ከሥራችሁ ያለው የደረቀ የባህር ዛፍ ቅጠል ነው። ተደፍና ከሆነ በሽቦ ብሩሽ አጽድታችሁ መልሱ።

ጥሩው ማሻሻያ ማንገቻው ነው። አብሮ የሚመጣው ቀጭን ማንገቻ አንገት ይቆርጣል። እኔ የበቅሎ ኮርቻ ለሚሰፉ ሰው ወሰድኩት። መጋዙን አይተው፣ ወገቤን ለክተው፣ "ልጄ፣ ጭነት ከትከሻ ወደ ዳሌ ካልወረደ በቅሎም ይለግማል" አሉኝ። ከውስጥ የበግ ቆዳ ያለበት ሰፊ ጠፍር ሠሩልኝ። ከሞተሩ ይልቅ እሱ ነው የሥራ ሰዓቴን ያስረዘመው። ሁለተኛው ማሻሻያ ጫፉ አጠገብ የታሰረ ትንሽ ቆልማማ ብረት ነው፤ ዛፉ ላይ ተንጠልጥሎ የቀረ ቅርንጫፍ ይስባል።

አንድ ነገር በማንኛውም መጋዝ አይቀየርም። ቱቦው ብረት ነው፣ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። በመንገድ ዳር ምሰሶዎች ላይ የሚሄደው መስመር 15 ወይም 33 ሺህ ቮልት ሊሆን ይችላል፤ ሳትነኩት፣ ስትጠጉት ብቻ ሊዘል ይችላል። ከመስመሩ 15 ሜትር ራቁ። ቅርንጫፉ መስመሩን ከነካ የመብራት ኃይል ሥራ እንጂ የናንተ አይደለም። ሌላ ሰውም ከ15 ሜትር በላይ ይራቅ። ቱቦውን ከ60 ዲግሪ በላይ አታቁሙት፤ የቆረጣችሁት ራሳችሁ ላይ ይወርዳል።

እንግዲህ ለማን የቱ?

ሐይቅ ወይም መርሳ ላይ ፍራፍሬ ላለው፦ የታወቀ ፋብሪካ፣ 25 ሲሲ፣ ጫፉ ጥብቅ ያለ። የሚረዝም ቱቦ ከሆነ መቆለፊያውን ሁለት ጊዜ ፈትሹ። ደሴ ሆኖ ሳርም አጥርም ዛፍም ለሚሠራ፦ የቻይናው 43 ሲሲ፣ ጥሩ ማንገቻ ተጨምሮበት። 52ቱ ለዚህ ሥራ ክብደት ብቻ ነው። ሳር ማጨጃ ላለው፦ ለክቶ ጫፉን ብቻ። ለቀን ሥራ ሰው ግቢ እየዞረ ለሚቆርጥ፦ ሁለት አንድ ዓይነት ያገለገሉ መጋዞች ግዙ፣ አንዱ ለመለዋወጫ ይሁን።

የኔ አሁን ያለው በርካሽ ያገኘሁት ያ ሰንሰለቱ ተገልብጦ የነበረው ነው። ሞተሩን አንድ ጊዜ ሙሉ በሙሉ ቀይሬዋለሁ። ጫፉ ግን ያው ነው፣ በየሁለት ወሩ ትንሽ ግራሶ ብቻ። ቅዳሜ ሐይቅ አቮካዶ ልቆርጥ እወርዳለሁ። ካቻቢቴዋን ዛሬውኑ ኪሴ ከትቻታለሁ፤ ብሎኗ ትንሽ ወደ ግራ መመለስ አለባት።